የቻይና ቀስት እንጨት ከቻይና መምጣት የለበትም

እኔ አናጢ ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን እሠራለሁ። ቅዳሜና ማታ ማታ ደግሞ የድሮ የቻይና ቀስት ቅጂ እሠራለሁ፤ በተለይ ጫፉ ረጅም የሆነውን የቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ቀስት። ይህን የሰማ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ «እንጨቱን ከቻይና አስመጥተህ ነው?» ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። አንዱ ወጣት ጭራሽ ገንዘቡን ከፍሎ ጣውላውን ይዞልኝ መጣ። ሰለቸኝ፤ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

«ፍላጻውን የሚያስወነጭፈው የእንጨቱ ጉልበት ነው»

የስህተቱ ሁሉ ምንጭ ይህ ነው። የእንግሊዞቹ ረጅም ቀስት ‹ዩ› ከሚባል ዛፍ፣ ከአንድ ወጥ እንጨት ይጠረባል። እዚያ እንጨቱ ሁሉንም ሥራ ብቻውን ይሠራል። የቻይናው እንደዚያ አይደለም። ወደ ቀስተኛው በሚዞረው ሆዱ ላይ የውሃ ጎሽ ቀንድ አለ፤ ሲሳብ መጨመቁን የሚችለው እሱ ነው። በጀርባው በቀጭን በቀጭኑ የተተለተለ የእንስሳ ጅማት በሙጫ ተደርቧል፤ መለጠጡን የሚችለው እሱ ነው። እንጨቱ ወይም ቀርከሃው ያለው መሃል ላይ ነው፤ ጫናው ከሁሉም በሚያንስበት ቦታ። ሥራው ቀንዱንና ጅማቱን አራርቆ መያዝ፣ ሙጫውንም አጥብቆ መቀበል ነው።

እንጨት ከባድ ፈተና የሚገጥመው ጫፎቹ ላይ ነው። ሁለቱ ጫፎች አይለመጡም፤ አውታሩን ይዘው እንደ ማንሻ ይሠራሉ። ቀላልና ጠንካራ መሆን አለባቸው። መሰንጠቅ ደግሞ ፈጽሞ የለባቸውም።

«ትክክለኛው እንጨት ያለው ቻይና ብቻ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው በዚህ ምክንያት ነውና።

ካኦጎንግጂ የሚባለው ከ2,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የቻይናዎች የእጅ ሥራ መጽሐፍ ለቀስት የሚሆኑ 7 ዓይነት እንጨቶችን በደረጃ ይዘረዝራል። አንደኛው ቻይናዎቹ ‹ጀ› የሚሉት ዛፍ ነው። ሦስተኛው የዱር መልበሪ ነው፤ የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው ዛፍ። መንደሪን እንኳ አለበት። ሰባተኛው፣ የመጨረሻው፣ ቀርከሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1637 የወጣው፣ ሶንግ ዪንግሺንግ የሚባል ቻይናዊ ሊቅ የጻፈው መጽሐፍ ደግሞ መሃሉ ቀርከሃ፣ ጫፎቹ የመልበሪ እንጨት ይሁኑ ይላል። ቀርከሃ የማይበቅልበት የሰሜን ምሥራቅ ሕዝብ ግን በሚለመጥ እንጨት ይሠራል ብሎ ይጨምራል። አያችሁ? የጥንቶቹ ቀስት ሠሪዎች ራሳቸው በአካባቢያቸው ባገኙት ነበር የሚሠሩት።

አሁን ደግሞ ይህን ስሙ። ነጭ መልበሪ የቻይና ዛፍ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን ለሐር ሥራ ተብሎ ወደ አሜሪካ ገባ። በ1830ዎቹ ሰው የመልበሪ ችግኝ ለመግዛት ይሻማ ነበር። የሐር ንግዱ ከሰረ፤ ዛፉ ግን ቀረ። ዛሬ እንደ አረም በየአጥሩ ሥር ይበቅላል፤ ፍሬው መኪና ያቆሽሻል ብለው ይቆርጡታል። ‹ጀ›ንም ካነሳን፣ የቅርብ ዘመዱ ኦሴጅ ኦሬንጅ የአሜሪካ ተወላጅ ነው። የአገሬው ነባር ሕዝቦች ከድሮ ጀምሮ ቀስት ይሠሩበታል።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ኢንተርኔት ላይ «እውነተኛ የቻይና የቀስት እንጨት» ብሎ ከሚሸጥ ሰው ሁለት ሳንቃ በ180 ዶላር ገዛሁ። ቀለሙ ያምራል። ነገር ግን በመጋዝ የተሰነጠቀ ስለሆነ፣ በውስጡ ርዝመቱን ይዞ መውረድ የሚገባው ጭረት ወደ ጎን ሸሽቶ ይወጣል። አይቼዋለሁ፤ ስሙን አምኜ ዝም አልኩ። ቀንዱን ለጠፍኩ፣ ጅማቱን ደረብኩ፣ እስኪደርቅ ወራት ጠበቅሁ። አውታር ባገባሁበት በሦስተኛው ቀን የግራው ጫፍ ያንኑ የሸሸውን ጭረት ተከትሎ ተሰነጠቀ። የአንድ ዓመት ሥራ ነበር።

በዚያው ክረምት የጎረቤቴን መልበሪ ንፋስ ጣለው። አስፈቅጄ ግንዱን ወሰድኩ፤ በነጻ። ከእሱ የሠራኋቸው ጫፎች እስከ ዛሬ አሉ።

ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ውስጡን እዩ። ከንፋስ በኋላ ጎረቤት ጠይቁ፣ ዛፍ ቆራጮች ጋ ደውሉ። ግንዱ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት፣ ልጡ ያልተጠማዘዘ ይሁን። ልጡ ከተጠማዘዘ ውስጡም ተጠማዝዟል። በመጋዝ አትሰንጥቁት፤ በሽብልቅና በመዶሻ ፍለጡት። ሲፈለጥ እንጨቱ በራሱ ጭረት ይሄዳል፤ ጠማማ ከሆነም እዚያው ያሳያችኋል። ዳርና ዳሩን የዛኑ ዕለት ሰም ወይም ቀለም ቀቡት፤ አለዚያ ከጫፉ ቶሎ ደርቆ ይተረተራል። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። በየወሩ መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። ካኦጎንግጂ የሚሰጠውን ፈተናም እኔ እጠቀምበታለሁ፤ ቀለሙ ወደ ቀይና ጥቁር ያደላ፣ ሲያንኳኩት ድምፁ የጠራ እንጨት ምረጡ ይላል። ቀለሙ ወደ ግንዱ ልብ የቀረበ መሆኑን፣ ድምፁ ከሥሩ የራቀ መሆኑን ያሳያል።

«በጠነከረ ቁጥር ይሻላል፤ ለምን በወይራ አትሠራውም?»

ወይራ ለዱላ ነው። ከባድ ጫፍ ፍላጻውን ያዘገያል። ቅባቱ ደግሞ ሙጫ አያሲዝም።

«ቀርከሃ የድሃ ምትክ ነው»

አይደለም፤ ከላይ እንዳልኩት በ1637 ዋናው እሱ ነበር። ግድግዳው ወፍራም የሆነውን ምረጡ። በመከርና በብርዱ ወራት የተቆረጠ ይሁን፤ በጸደይና በሙቀቱ ወራት የተቆረጠውን ነቀዝ ይበላዋል።

«በምድጃ የደረቀ ጣውላ ጊዜ ይቆጥባል»

ለቁም ሳጥን አዎ። በእንፋሎት ለሚታጠፍ የቀስት እንጨት ግን አይሆንም፤ ይደነድንና ሲታጠፍ ይሰበራል። በአየር የደረቀው ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል እንፋሎት ካገኘ እሺ ብሎ ይታጠፋል።

ያ ወጣት ያመጣውን ጣውላ ጫፉን ልጌ አሳየሁት። ጭረቱ አንድ ክንድ ሳይሄድ በጎን ይወጣል። የመጪው ቅዳሜ ሽብልቅና መዶሻ ይዞ ይመጣል፤ በአንድ ወዳጄ ጓሮ ውስጥ የወደቀ መልበሪ አለ፣ አብረን እንፈልጠዋለን።