በመዶሻ የተመታ ሳንቲም ምንድን ነው?

የጥንት አቴንስን የብር ሳንቲም በፎቶም ቢሆን አይታችሁ ከሆነ ክብ እንዳልሆነ ሳታስተውሉ አትቀሩም። አንድ ጎኑ ይወፍራል፣ ጠርዙ ይሰነጠቃል። አንዳንዱ ላይ አቴና የምትባለው አምላካቸው የራስ ቁር ግማሹ ከብሩ ውጭ ቀርቷል። እርጅና ያመጣው እንዳይመስላችሁ። ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነበር፤ የተሠራው በሰው ክንድ፣ በመዶሻ ምት ነውና።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ማኅተሞች አሉ። ማኅተም የምለው ምስሉ ተገልብጦ ወደ ውስጥ የተቀረጸበትን የነሐስ ወይም የብረት ቁራጭ ነው። የታችኛው መስፍ ላይ ይተከላል። የላይኛው በእጅ የሚያዝ አጭር ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። በመካከላቸው ጥፍጥፍ ብር ይገባል፣ ብዙ ጊዜ በእሳት ግሎ፣ በጉጠት ተይዞ። ከዚያ ከላይ በመዶሻ! ሁለቱም ገጽ ባንዴ ይታተማል። (የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞችም፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከነገሠው ከእንዱቢስ ጀምሮ፣ የተመቱት በዚሁ መንገድ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጽሑፋቸውም ግሪክኛ ነበር።)

ቅርጹ ቢጣመም ማንም ግድ አልነበረውም። ክብደቱ ግን ቀልድ አያውቅም፤ የሳንቲሙ ዋጋ ብሩ ራሱ ነዋ። ጀርባው ላይ ጉጉት ያለችበት የአቴንስ አራት ድራክማ (ድራክማ የግሪኮች ገንዘብ ነው) 17.2 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ስለዚህ ጥፍጥፉ ከመመታቱ በፊት በደንብ ይለካ ነበር።

መጀመሪያ ላይ የላይኛው ማኅተም ምስል አልነበረውም። በ7ኛው መቶ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ዛሬ ምዕራብ ቱርክ በሆነችው በልድያ፣ ወርቅና ብር ከተቀላቀለበት ማዕድን የተሠሩትን ብታዩ ጀርባቸው ላይ ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው። የኤጊና ደሴት ባለ ኤሊ ሳንቲምም እንደዚያው። ያ ጉድጓድ ጌጥ አይደለም፤ ብሩን ወደ ታችኛው ማኅተም ገፍቶ ያስገባው ዘንግ አሻራ ነው። ኋላ ላይ ዘንጉም ምስል ተቀረጸበት።

እኔን በጣም የሚገርመኝ የማኅተሞቹ ዕድሜ ነው። መዶሻው በቀጥታ የሚያርፈው የላይኛው ላይ ስለሆነ እሱ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ የታችኛው ግን መስፉ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ አንድ የታችኛ ማኅተም ከብዙ የላይኞች ጋር ተጣምሮ ይገኛል። ማኅተሙ ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ሳንቲሙ ላይ ይወጣል፣ በእያንዳንዱ ምትም እየሰፋ ይሄዳል። ተመራማሪዎች እነዚህን ሳንቲሞች ጎን ለጎን ደርድረው የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው ዘግይቶ እንደተመታ ያውቃሉ። ቀኑን የጻፈ ሰው ሳይኖር! ማኅተሞቹ ራሳቸው ከመሬት የሚገኙት እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ታሪኩን የሚነግሩን ሳንቲሞቹ ናቸው።

ማኅተም ቀራጺዎቹም ተራ ሰዎች አልነበሩም። በሲሲሊ ደሴት በሰራኩስ ኪሞንና ኤዋይኔቶስ የተባሉት ስማቸውን በደቃቅ ፊደል በሥራቸው ላይ አስቀርጸዋል፤ 43 ግራም የሚሆነው አሥር ድራክማቸው እስካሁን ወደር የለውም ብል ማጋነን አይመስለኝም። ብሩን ከመሬት ያወጡትን ግን ማንም በስም አያውቃቸውም። አቴንስ አጠገብ በላውሪዮን ዋሻዎች ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ባሪያዎች ይቆፍሩ ነበር። በ483 ከክርስቶስ ልደት በፊት እዚያ ብዙ ብር ሲገኝ የአቴንሱ መሪ ቴሚስቶክሊስ ሕዝቡን አሳምኖ መርከብ አሠራበት፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በሳላሚስ ደሴት አጠገብ በባሕር ውጊያ ፋርስን ያሸነፉት መርከቦች ከዚያ ብር የመጡ ናቸው። ስለዚህ ድል ሲወራ ቆፋሪዎቹ አብረው መነሳት አለባቸው ባይ ነኝ።

ማጭበርበርም ነበረ፤ መዳቡን በስስ ብር ሸፍኖ መምታት። በ375/4 ከክርስቶስ ልደት በፊት የወጣ የአቴንስ ሕግ፣ የከተማው ንብረት የሆነ አንድ ባሪያ ገበያ ውስጥ ተቀምጦ ሳንቲም እንዲመረምር ያዝዛል። ውስጡ መዳብ ወይም እርሳስ ከሆነ እዚያው ይቆርጠዋል። ሥራውን ካጓደለ ደግሞ ቅጣቱ 50 ግርፋት ነው። ነጋዴዎችም በየፊናቸው ውስጡን ለማየት በመሮ ይወጉት ነበር። ስለዚህ ጉጉቷ ላይ ጥልቅ ጠባሳ ያለበት ሳንቲም ካያችሁና ጠባሳው ውስጥ የሚታየው ብር ከሆነ፣ ፈተናውን ያለፈ ሳንቲም ነው።