ኤሊኖማቲያ ምንድን ነው?

ኤሊኖማቲያ የግሪክኛ ችሎታን የሚያረጋግጥ ፈተናና የምስክር ወረቀት ነው፤ ቃሉም «ግሪክኛ ማወቅ» ማለት ነው። የሚያዘጋጀው በተሰሎንቄ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመው የግሪክ ቋንቋ ማዕከል ነው። ግሪክ ቋንቋዋን ከአገር ውጭ የምታስፋፋባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፦ የቅዳሜ ትምህርት ቤቶች፣ የባህል ማዕከላት፣ የብሔራዊ ባለቅኔዋ የዲዮኒሲዮስ ሶሎሞስ ዕለተ ሞት በሆነው በፌብሩዋሪ 9 የሚከበረው የግሪክኛ ቀን። ተማሪው ይዞት ወጥቶ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለአሠሪ የሚያሳየው ግን ይህን ወረቀት ነው።

ፈተናው በየዓመቱ በሜይ ወር በተለያዩ አገሮች ይሰጣል። ምዝገባው ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ ወራት ቀድሞ ማሰብ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ከኤ1 (ጀማሪ) እስከ ሲ2 (ከፍተኛ) ስድስት ደረጃዎች አሉት፤ ከዚያ በፊት አራት ነበሩ። ስለዚህ የቆየ ወረቀት ያለው ሰው ፊደሉን ብቻ አይቶ ከአዲሱ ጋር ማመሳሰል የለበትም። በግሪክ ሰነዶች ላይ ደረጃዎቹ አልፋ፣ ቪታ እና ጋማ ተብለው ይጻፋሉ፤ «ጋማ 1» በሌላው አውሮፓ ሲ1 የሚባለው ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ለብቻው ተዘጋጅቷል። በሁሉም ደረጃ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ይፈተናሉ።

ደረጃ የሚመረጠው በዓላማ ነው። በግሪክ ዩኒቨርሲቲ በግሪክኛ ለመማር የተለመደው መስፈርት ቢ2 ነው። የግሪክ ዜግነት የሚፈልግ ግን ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ እሱ ከቋንቋ ሌላ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ባህልና የመንግሥት አወቃቀር ይጠይቃል። ሁለቱን አምታትቶ የተመዘገበ ሰው ዓመት ያባክናል።

ብዙ ነጥብ የሚጣለው በጽሕፈት ላይ ነው። አማርኛ አንባቢ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ እንደሆኑ ሁሉ በግሪክኛም «ኢ» የሚለው ድምፅ ቢያንስ አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለው፣ «ኦ» ደግሞ ሁለት። እኛ ዘንድ ሐን በሀ ብንተካ ብዙ ጊዜ ትርጉም አይጠፋም። ግሪክኛ ግን ይህን አይምርም፦ «ፊሎ» የሚለው ድምፅ እንደ አጻጻፉ ፆታ፣ ቅጠል ወይም ጓደኛን ይሆናል። ቤት ውስጥ ግሪክኛ እየሰሙ ያደጉ የዲያስፖራ ልጆች በንግግር ጎበዝ ሆነው በጽሑፍ የሚወድቁት በዚህ ነው። ጫናም ትርጉም ይለውጣል፦ «ፖቴ» የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ጫን ካሉት «መቼ»፣ መጨረሻው ላይ ከሆነ «በጭራሽ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የጫና ምልክቱ ወደ አንድ ስለተቀነሰ ሥራው ቀሏል፤ ያቺን አንዷን መተው ግን ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ችግር ግስ ነው። እኛ «ነገ እጽፋለሁ»ንም «በየቀኑ እጽፋለሁ»ንም በአንድ ግስ እንላለን። ግሪክኛ አንድ ጊዜ ለሚፈጸመው «ግራፕሶ»፣ ለሚደጋገመው «ግራፎ» ይላል። ሰንጠረዥ ቃል በቃል ማጥናት እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም፤ እያንዳንዱን ግስ ከሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጋር መያዝ ይሻላል።

የምናውቀው የሚመስለን ቃልም ያሳስታል። ጠረጴዛ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ነው፤ ዛሬ አቴንስ ውስጥ «ትራፔዛ» የት አለ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን ወደ ባንክ ይላካል። ጠረጴዛው «ትራፔዚ» ነው። በቤተ ክርስቲያን ግሪክኛ የጀመረ ሰው ፊደሉን አስቀድሞ ያውቃል፣ ሰዋስውና አነባበብ ግን ብዙ ስለተለወጠ ከመጀመሪያው ደረጃ ቢነሣ ይጠቅመዋል።

ለዝግጅት ማዕከሉ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች በነፃ ያቀርባል። አንዱን ሰዓት ይዘው ይሥሩ። ከዚያ የማዳመጫውን ድምፅ እንደገና እየከፈቱ እንደ ቃል ጽሕፈት ይጻፉትና ከድምፁ የጽሑፍ ግልባጭ ጋር እያስተያዩ ያርሙ፤ የትኛውን «ኢ» እንደሚስቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይታወቃል።