የጫካ ሆረር ፊልሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጥቂት ገንዘብ የተሠሩ፣ ከከተማ ርቀው ጫካና ገጠር ውስጥ የሚካሄዱ የድሮ የአሜሪካ ሆረር ፊልሞችን እወዳለሁ። ስለ እነሱ ሲወራ የምሰማው ብዙ ነገር ግን ፊልሞቹን በደንብ ካለማየት የመጣ ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ደም በደም ናቸው»

በ1974 የወጣውን «ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር» ያየ ሰው ብዙ ደም እንዳየ ይምላል። ደግማችሁ እዩት። ልጅቷ የሥጋ መንጠቆ ላይ ስትሰቀል መንጠቆው ሰውነቷ ውስጥ ሲገባ ካሜራው አያሳይም። ፊቷን እናያለን፣ ጩኸቷን እንሰማለን፣ ከሥሯ ባልዲ አለ። የቀረውን የሚጨምረው የራሳችን ጭንቅላት ነው። ዳይሬክተሩ ቶቢ ሁፐር ደሙን የቀነሰው ልጆችም እንዲያዩት የሚፈቅደውን የዕድሜ ደረጃ (ፒጂ) አገኛለሁ ብሎ ነበር። አላገኘም።

«እውነተኛ ታሪክ ነው»

ፊልሙ ሲጀምር ድርጊቱ ነሐሴ 1973 ላይ እንደተፈጸመ ይነገረናል። ቀረጻው ግን የተጀመረው በዚያው ዓመት ሐምሌ ነው! መነሻው ኤድ ጊን የተባለ ወንጀለኛ ነው። በ1957 የተያዘው ቴክሳስ ሳይሆን ዊስኮንሲን ውስጥ ነው። መቃብር ይዘርፍ ነበር፣ ከሰው ቆዳ ጭንብል ይሠራ ነበር፣ ሁለት ሴቶችንም ገድሏል። ፊልሙ ላይ ያለው የሞተር መጋዝ ግን በእሱ ታሪክ ውስጥ የለም። ሰው በላ ቤተሰብም የለም።

«ርካሽ ስለሆነ ማንም ይሠራዋል»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ዳይሬክተሩ ሳም ራይሚ «ኢቭል ዴድ»ን ቴነሲ ውስጥ መቅረጽ ሲጀምር ገና 20 ዓመቱ ነበር። ካሜራው ሳይንቀጠቀጥ እንዲሄድ የሚያደርገው መሣሪያ ውድ ነው፤ አቅሙ አልነበራቸውም። ስለዚህ ካሜራውን ጣውላ ላይ አሰሩት። ሁለት ሰዎች ጣውላውን ግራና ቀኝ ይዘው ጫካው ውስጥ ሮጡ። ያ መሬት ለመሬት እየተምዘገዘገ ጫካው ውስጥ ወዳለችው ጎጆ የሚመጣው የማይታይ ነገር እንዲህ ነው የተወለደው። ገንዘብ ቢኖራቸው ኖሮ አይወለድም ነበር።

የቴክሳሱም እንደዚያው ነው። የእራቱ ትዕይንት ከ24 ሰዓት በላይ ተቀርጿል። ሌሊት እንዲመስል መስኮቶቹ በጥቁር ተሸፍነዋል፣ ሙቀቱ ያፍናል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሥጋ መብራቱ ሥር ሸትቷል። ተዋናዮቹ ፊት ላይ የምናየው መሰላቸትና ድካም ትወና ብቻ አይደለም። በ16 ሚሊሜትር ፊልም ስለተቀረጸ ደግሞ ምስሉ ሻካራ ነው። አንድ ሰው ደብቆት የኖረ ነገር የምናይ ይመስለናል። እኔን የሚይዘኝ ይሄ ነው።

«አድናቂዎቹ ግድያ ማየት የሚወዱ ናቸው»

በ1999 የታየውን «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» አስታውሱ። ጠንቋይዋ አንዴም አትታይም። ሦስት ወጣቶች ሜሪላንድ ጫካ ውስጥ ጠፍተው ይጨቃጨቃሉ፣ ሌሊት ድምፅ ይሰማል። ያም ሆኖ ዓለም ተሰልፎ አየው።

«ገጠሬውን አውሬ ያደርጋሉ»

እዚህ ላይ ተቺዎቹ ግማሽ እውነት አላቸው። ብዙዎቹ ፊልሞች የገጠሩን ድሃ በጥርሱና በአነጋገሩ ብቻ ያስፈሩበታል። ይሄን አልከላከልም። የቴክሳሱ ፊልም ግን ትንሽ ይለያል። ተጓዦቹ ልጆች መንገድ ላይ ያሳፈሩት ወጣት ስለ ቄራ ሲያወራ ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። ቤተሰቡ ከብት በመዶሻ እየጣለ የኖረ ነው። አዲሱ መሣሪያ መጣና ሰዎች ሥራ አጡ ይላል። የድሮው ይሻል ነበር ብሎ ፎቶዎቹን ሲያወጣ መኪናው ውስጥ ያሉት የከተማ ልጆች ፊታቸውን ያዞራሉ።