ተን ሰብሳቢ የነዳጅ መቅጃ ምንድን ነው? ከሞተር ሳይክል ጋርስ ለምን አይስማማም?

ባዶ የሚባል ሰልባትዮ የለም። ቤንዚኑ ሲያልቅ ቦታውን የሚይዘው ንጹሕ አየር አይደለም፤ ከሥር ከቀረችው ጥቂት ቤንዚን የሚነሣው ተን ከአየሩ ጋር ተደባልቆ ጥጋ ጥጉን ሁሉ ይሞላዋል። ስለዚህ አንድ ሊትር ቤንዚን በገባ ቁጥር አንድ ሊትር ያህል ተን ያዘለ አየር ቦታ ለቅቆ መውጣት አለበት። ነዳጅ ሲቀዳ አፍንጫ የሚሰነፍጠው፣ ፀሐይ በበረታበት ቀን ደግሞ ከሰልባትዮው አፍ በላይ ሲርገበገብ የሚታየው ይኸው ቦታውን የተነጠቀ ተን ነው።

ተን ሰብሳቢ መቅጃ ይህን ተን ወደ ሰማይ ከመልቀቅ ይልቅ መልሶ የሚወስድ የማደያ መሣሪያ ነው። ቱቦው ሁለት መንገድ አለው። በአንደኛው ቤንዚን ወደ ሰልባትዮው ይወርዳል፤ በሌላው ተኑ ወጥቶ ከመሬት በታች ወደ ተቀበረው የማደያው ታንከር ይመለሳል። ከታንከሩ ቤንዚን ሲወጣ እዚያም ክፍተት ይፈጠራልና የሚመለሰው ተን ያንን ክፍተት ይሞላል። ቦቴው ነዳጅ ሊያራግፍ ሲመጣ ደግሞ በታንከሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ተን በሌላ ቱቦ ተቀብሎ ይሄዳል። በሙያው ቋንቋ በቦቴውና በታንከሩ መካከል ያለው ልውውጥ አንደኛ ደረጃ፣ በመቅጃውና በተሽከርካሪው መካከል ያለው ሁለተኛ ደረጃ ይባላል። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

መሣሪያው የመጣው ሽታ ስላስቸገረ ብቻ አይደለም። የቤንዚን ተን ከሞተር ጭስ ጋር ተገናኝቶ ፀሐይ ሲያርፍበት ለመተንፈሻ አካል ጠንቅ የሆነውን ኦዞን ይፈጥራል። ተኑ ውስጥ ቤንዜን የሚባል፣ ስሙ ከቤንዚን ጋር ቢምታታም ራሱን የቻለ፣ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካልም አለ። በዚህ ምክንያት በጭጋጋማ ብክለቷ ስሟ ይነሣ የነበረችው የካሊፎርኒያ ግዛት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መቅጃውን ማስገደድ ጀመረች። የ1990ው የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ማሻሻያ ግዴታውን ኦዞን ወደ በረታባቸው ሌሎች አካባቢዎች አሰፋው። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 ባወጣው መመሪያ ደግሞ በሚመለከታቸው ማደያዎች ያለው መሣሪያ ከሚወጣው ተን ቢያንስ 85 በመቶውን እንዲይዝ ደነገገ።

ተኑን የመያዣ መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በመምጠጥ ይሠራል፤ በአፈሙዙ ዙሪያ ያሉ ቀዳዳዎች በፓምፕ ጉልበት ተኑን እየሳቡ ይወስዱታል። ሁለተኛው ፓምፕ አያስፈልገውም። አፈሙዙን እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ የጎማ እጅጌ ይሸፍነዋል፤ መቅጃው ወደ ሰልባትዮው አፍ ሲገፋ እጅጌው ይጨማደድና ጫፉ አፉን ግጥም አድርጎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚገባው ቤንዚን ራሱ ተኑን እየገፋ በእጅጌው ውስጥ ወደ ኋላ ይሰደዋል። በቀላልነቱ የሚደነቅ ሥራ ነው። ሁለቱን መንገዶች ያዳቀሉ፣ ማለትም ተኑን የሚመጥጡም እጅጌ ያላቸውም መቅጃዎች አሉ።

ጣጣው የሚጀምረው ከእጅጌው ጋር ከተያያዘ አንድ ቁልፍ ነው። ሰነፍ ቀጂ እጅጌውን ሳያስጠጋ ተኑን ሜዳ ላይ እንዳይለቅ፣ ሠሪዎቹ መቅጃው ውስጥ ማገጃ አኑረዋል፤ እጅጌው እስኪጨማደድ ድረስ ቃታው ቢሳብም ቤንዚን አይወርድም። ለመኪና ይህ ችግር አይደለም። የመኪና ሰልባትዮ አፍ በጎን በኩል ነው፤ ረጅም አንገት አለው፤ አፈሙዙ እስከ ሥሩ ይገባል፤ እጅጌው የሚደገፍበት ጠንካራ ከንፈርም አለ። መቅጃው በመኪና ልክ የተሰፋ ልብስ ነው ማለት ይቻላል።

ሞተር ሳይክል ያንን ልብስ ሲለብስ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። የሰልባትዮው አፍ ያለው ከላይ፣ ከመቀመጫው ፊት፣ ከመሪው ሥር ነው። ክዳኑ ሲከፈት የሚታየው ሰፊ ጉድጓድ ነው፤ አንገት የሚባል ነገር የለውም ወይም አንድ ሁለት ጣት የምታክል ቀለበት ብቻ አለችው። ሞተረኛው መቅጃውን ሽቅብ አንሥቶ አፈሙዙን ቁልቁል ይዘቀዝቀዋል። እጅጌው አፉን አይገጥምም፤ አንዱ ጎኑ ክዳኑን ሲነካ ሌላው ጎኑ ክፍት ይቀራል። ቃታውን ይስባል፤ ምንም የለም። ጠበቅ አድርጎ ይገፋል፤ አፈሙዙ ጥልቀት በሌለው ሰልባትዮ ወለል ላይ ይቆማል፤ እጅጌው ግን ገና አልተጨማደደም። ታዲያ ምን ያደርጋል? በግራ እጁ እጅጌውን እንደ ሸሚዝ እጅጌ ወደ ኋላ ሰብስቦ ይይዘዋል። ማገጃው መቅጃው አንድ ነገር ላይ የተደገፈ ይመስለዋል፤ ቤንዚኑም ይወርዳል። ተኑ ግን አሁን የሚሄደው ወደ ታንከሩ ሳይሆን ወደ ሄልሜቱ ነው።

ተን ለመያዝ የተሠራው መሣሪያ በዚህ አኳኋን ምንም ተን አይይዝም። የሞተረኛው ሁለት እጅ ተይዟል፤ እጅጌው ደግሞ ማየት ያለበትን የቤንዚኑን ከፍታ ይጋርድበታል። ከሁሉ የሚከፋኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ሞተር ሳይክል ሲቀዳ የሚያድነው ዓይን እንጂ መሣሪያው አይደለም።

መሣሪያው የማያድነው ለምን እንደሆነ ለመረዳት የአፈሙዙን ጫፍ ማየት ይበቃል። እዚያ ጋ የባቄላ ፍሬ የማታክል ቀዳዳ አለች። የሚፈሰው ቤንዚን በዚህች ቀዳዳ በኩል አየር እየሳበ ይወርዳል። የቤንዚኑ ከፍታ ጨምሮ ቀዳዳዋን ሲደፍናት አየር ይቋረጣል፤ የመሳብ ኃይሉ በእጀታው ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን ይጎትትና ቃታው ቀጭ ብሎ ይለቃል። በመኪና ላይ አፈሙዙ አንገቱ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ቀዳዳዋ በጊዜ ትደፈናለች። በሞተር ሳይክል ላይ ጫፉ ከአፉ ጥቂት ወረድ ብሎ ስለሚያዝ፣ ቀዳዳዋ የምትደፈነው ቤንዚኑ አፉ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከወለሉ ነጥሮ የሚመለሰው አረፋ ቀዳዳዋን ይመታትና ሰልባትዮው ግማሽ ሳይደርስ መቅጃው ደጋግሞ ይዘጋል። ሞተረኛው ተናዶ ቃታውን አጥብቆ የሚስበው ያን ጊዜ ነው።

መቸኮሉ ምን እንደሚያስከትል በቁጥር እንየው። በአሜሪካ የመቅጃ ከፍተኛው ፍጥነት በደቂቃ 10 ጋሎን፣ ወደ 38 ሊትር ገደማ ነው። ይህ በሰከንድ ከግማሽ ሊትር ይበልጣል። ለመኪና ተስማሚ የሆነው ይህ ፍጥነት 15 ሊትር የሚይዝን የሞተር ሰልባትዮ በ24 ሰከንድ ይሞላዋል፤ መጨረሻው ላይ አንዲት ሰከንድ መዘግየት ማለት ግማሽ ሊትር ቤንዚን በሰልባትዮው ጎንና ጎን ወርዶ የጋለው ሞተር ላይ ማረፍ ማለት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ ተኑ ከአየር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ስለሚከብድም ሽቅብ አይበተንም፣ ቁልቁል ይፈስሳል። በሞተር ሳይክል ላይ ቁልቁል ያለው ደግሞ ሞተሩና የጭስ ማውጫው ነው።

ልምድ ያላቸው ሞተረኞች የሚያደርጉት ይህ ነው። ሞተሩን አጥፍተው ይወርዳሉ፤ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ መቅዳት ቤንዚኑ ቢፈስ ጭን ላይ እንዲያርፍ መፍቀድ ነው። የፓምፑን ማስታወቂያ ያነብባሉ፤ እጅጌ የሌለው ወይም አጭር እጅጌ ያለው መቅጃ በአጠገብ ካለ እሱን ይመርጣሉ። እጅጌውን መሰብሰብ የግድ ከሆነ መጀመሪያ አፈሙዙን ሰልባትዮው ውስጥ ያስገባሉ፤ የሚሰበስቡት ከዚያ በኋላ ነው። ውጭ ላይ ከሰበሰቡት እጃቸው ሳያስበው ቃታውን የነካ ዕለት ቤንዚኑ የሚረጨው ደረታቸው ላይ ነው። ቃታውን በስሱ ይስባሉ፤ ማስያዣ ካለው አያስይዙትም። ዓይናቸው ከጉድጓዱ አይነሣም፤ ቤንዚኑ ከአፉ ሥር ያለችው ቀለበት ግርጌ ሲደርስ ያቆማሉ።

ከቀለበቷ በላይ ያለው ክፍተት ብክነት አይደለም። ቤንዚን ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር መጠኑ አንድ በመቶ ገደማ ያድጋል። ከመሬት በታች ከነበረ ቀዝቃዛ ታንከር የመጣ 15 ሊትር፣ በፀሐይና በሞተሩ ግለት በ20 ዲግሪ ቢሞቅ 300 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ካጣ በመተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ተን የሚያጠራቅም የከሰል ማጣሪያ በተገጠመላቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ ፈሳሹ ማጣሪያው ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል። እስከ አፉ ጢም አድርጎ መሙላት ተን በሚመጥጥ መቅጃ ላይ ሌላም ኪሳራ አለው፤ የተረፈው ቤንዚን በተኑ መንገድ ተስቦ ወደ ማደያው ታንከር ይመለሳል፤ ቆጣሪው ግን አስቀድሞ ቆጥሮታል።

መቅጃው በሞተር ሳይክል ላይ በትክክል ቢሠራ ኖሮ ምን ያህል ያተርፍ ነበር? የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚጠቀምበት መለኪያ፣ ሳይሰበሰብ የሚወጣው ተን በአንድ ሊትር ነዳጅ 1.3 ግራም ገደማ ነው ይላል። ለ15 ሊትር 20 ግራም መሆኑ ነው። ወደ ፈሳሽ ሲመለስ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ቢሆን ነው። ከእጅጌው ጋር ሲታገሉ የሚንጠባጠበው ከዚህ ከበለጠ፣ የፈሰሰው ሁሉ ተንኖ ወደዚያው አየር ይሄዳልና፣ ነገሩ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል። እጅጌውን ሰብስቦ በጥንቃቄ የሚቀዳ ሞተረኛ፣ ከእጅጌው ጋር ግብግብ ገጥሞ ከሚያፈሰው ይልቅ አየሩን አይበድልም ባይ ነኝ።

የመቅጃው ዕጣ ራሱ በመኪና ምክንያት ተለውጧል። ከ1998 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ነዳጅ ሲቀዳ የሚወጣውን ተን ራሳቸው በከሰል ማጣሪያ ይዘው በኋላ ሞተራቸው ውስጥ እንዲያቃጥሉት ደረጃ በደረጃ ተደርጓል። እንዲህ ያለ መኪና ተን ከሚመጥጥ መቅጃ ጋር ሲገናኝ የሚመጠጥ ተን የለም፤ ፓምፑ ንጹሕ አየር ይስብና ወደ ታንከሩ ይልካል፤ አየሩ እዚያ ያለውን ቤንዚን ይበልጥ እንዲተን ያደርገዋል። ሁለት መፍትሔዎች እርስ በርስ ተጠላለፉ። በ2012 የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ግዴታውን ሲያነሣ ብዙ ግዛቶች መሣሪያውን መንቀል ጀመሩ፤ ካሊፎርኒያ ግን አጥብቃ ይዛዋለች። ሞተር ሳይክል ግን ነዳጅ ሲቀዳ የሚወጣውን ተን የሚይዝ እንደ መኪናው ያለ ማጣሪያ አልተገጠመለትም። ስለዚህ ተኑን የሚሰበስብለት ቢኖር መቅጃው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ በልኩ አልተሠራም። እጅጌው በተነቀለበት ማደያ ሞተረኛው አፈሙዙን ያለ ትግል ያስገባል፣ የቤንዚኑን ከፍታም አጥርቶ ያያል፤ ተኑም እንደ ድሮው ቀጥታ ወደ ፊቱ ይወጣል።