ያልተለቀሰ ለቅሶ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለቤቷን በኮቪድ ያጣች ጎረቤቴ አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «በዚያን ጊዜ ማንም ሊመጣ እንደማይችል አውቅ ነበር፤ ያልገባኝ ግን መምጣት ከተፈቀደ በኋላም የሚመጣ መጥፋቱ ነው።» ካልመጡት አንዱ እኔ ነበርሁና ይህን ትምህርት የምጽፈው ለራሴም ጭምር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካስታወቀ ጀምሮ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜው ማብቃቱን እስኪገልጽ ድረስ ከሦስት ዓመት በላይ አልፏል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ብቻ ከወትሮው በላይ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ ድርጅቱ ገምቷል። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ስለ ነበር፣ ፍቅራችንን የምንገልጥባቸው ነገሮች ሁሉ፣ መተቃቀፍም ሆነ አብሮ መዘመር፣ የታመመን እጅ መያዝም ሆነ ሬሳን ማጀብ፣ የሚያስፈሩ ሆኑ። ልጅ እናቱን በስልክ ተሰናበተ፤ የሚወደዱ ሰዎች በጥቂት ቀባሪ ፊት ወደ አፈር ገቡ። ያን ጊዜ መራቃችን ባልንጀራን መውደድ ነበር፤ በዚህ ልንጸጸት አይገባም። የሚያሳዝነው በፍቅር የጀመርነው መራቅ ሳናውቀው ልማድ ሆኖብን መቅረቱ ነው።

«አሁንማ ረፈደ፣ ቁስሏን መቀስቀስ ይሆንብኛል» የሚል ሰው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11ን ቀስ ብሎ ያንብብ። ጌታችን ቢታንያ የደረሰው አልዓዛር ከተቀበረ አራት ቀን ሆኖት ነው። ማርታም ማርያምም በየተራ «ጌታ ሆይ፥ አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አሉት። ጌታ በዚህ ቃል አልተቆጣም፤ ማርያምንና አብረዋት የመጡትን ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ እርሱም እንባውን አፈሰሰ። ትንሣኤና ሕይወት የሆነው እርሱ፣ አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ ካለቀሰ፣ እኛ ዘግይተን ለመሄድና ወቀሳን ለመቀበል ማፈራችን ከምን የተነሣ ነው?

በሄድን ጊዜ ግን አንደበታችንን እንጠብቅ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ ያቆሰሉት የመከራውን ምክንያት ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ነው። በወረርሽኙም ወራት አንዳንዶቻችን መዝሙር 91ን ጠቅሰን የሚያምን ሰው አይታመምም ብለናል፤ ይህም እምነት ያልጎደላቸውን ሙታን በእምነት ማነስ መክሰስ ነበር። ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ሲል የጠቀሰው ይህንኑ መዝሙር መሆኑን አንርሳ። ጌታችንም የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌሎች ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ በግልጽ ተናግሯል። ስለዚህ «ከማን ያዘው?» «ክትባት ወስዶ ነበር?» የሚሉት ጥያቄዎች ይቅሩ፤ የሞተውን ሰው ስሙን እንጥራ፣ ስለ እርሱ እንጠይቅ።

እኔም በመጨረሻ ሄጄ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ ጠየቅኋት። ጎረቤቴ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ ወንበር ስባልኝ ተቀመጠች፤ ባለቤቷ ትኩሳት ከጀመረው ሌሊት አንሥታ የሆነውን ሁሉ፣ አንድም ቀን ሳታስቀር፣ ትነግረኝ ጀመር።