ካውንቲ ምንድን ነው? ቀይ ካርታና ሰማያዊ ሴናተሮች በጆርጂያ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 5 ቀን 2021 በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት የተካሄደውን የሴኔት (የኮንግረስ ላይኛው ምክር ቤት) ምርጫ ውጤት በካርታ ላይ ያየ ሰው፣ ግቢ ሙሉ የተሰጣ በርበሬ ያየ ይመስለዋል። ቀዩ የሪፐብሊካኖች ነው። አትላንታ ዙሪያ፣ ሳቫና እና ኦገስታ ላይ፣ ከዚያም በግዛቱ ወገብ ላይ ጣል ጣል ብሎ የሚታየው ሰማያዊ የዴሞክራቶች ነው። ከ159ኙ ካውንቲዎች ሰማያዊ የለበሱት አንድ አምስተኛ ያህሉ ብቻ ናቸው። ሁለቱንም ወንበር የወሰዱት ግን ዴሞክራቶቹ ራፋኤል ዋርኖክና ጆን ኦሶፍ ሆኑ።

አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ደውሎ «ይህን ሁሉ ቀይ ይዘው እንዴት ተሸነፉ?» ሲለኝ አልፈረድኩበትም። እኛ አገር ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው በምርጫ ክልሉ ካሸነፈ ወንበሩ የእርሱ ነው፤ ብዙ የምርጫ ክልል ያሸነፈ ፓርቲም ብዙ ወንበር ይይዛል። ካውንቲን በዚህ ዓይን የሚያይ ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

ካውንቲ በግዛቱ ሥር ያለ የአስተዳደር ክፍል ነው፤ ለማስረዳት ያህል ወረዳ በሉት። ፍርድ ቤት፣ ሸሪፍ፣ የመሬት መዝገብና የንብረት ግብር አለው። የምርጫውን ሥራ የሚሠራውም እርሱ ነው፦ መራጭ ይመዘግባል፣ ጣቢያ ይከፍታል፣ ድምፅ ይቆጥራል። ለሴኔት ሲሆን ግን የራሱ ወንበርም ነጥብም የለውም። የሚቆጠረው የመላው ግዛት ድምር ነውና፣ ካውንቲው እህሉ ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሚሰፈርበት ቁና ነው።

ቁናዎቹ ደግሞ እኩል አይደሉም። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ግላስኮክ ካውንቲ 2,900 ያህል ነዋሪ ነበረው፤ ሪፐብሊካኖች እዚያ ከአሥር ድምፅ ወደ ዘጠኝ ይወስዳሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚኖሩባትን ክላርክስተንን ያቀፈው ዲካልብ በበኩሉ (የአካባቢው ሰው «ል»ን ውጦ «ዲካብ» ነው የሚለው) ከ760,000 በላይ ሕዝብ አለው። ዋርኖክ በጃንዋሪ 2021 በመላው ጆርጂያ ያሸነፉት በ93,000 ያህል ድምፅ ነበር። በዲካልብ ብቻ ያገኙት ብልጫ ከ200,000 ይበልጣል። ካርታው ላይ ግን ዲካልብ ከግላስኮክ የሚሰፋው ሁለት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው።

ታዲያ ዲካልብ ትናንትም ሰማያዊ ነበር። በ2014 ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ፐርዱ ዴሞክራቷን ሚሼል ነንን በ8 በመቶ ገደማ ብልጫ ለሴኔት ሲያሸንፉ ዲካልብና ፉልተን ለዴሞክራቶች ነበር የመረጡት። የተለወጡት ከአትላንታ በስተሰሜን ያሉት ኮብና ግዊኔት ናቸው። በ2014 ሁለቱም ለፐርዱ መረጡ፤ በ2021 ሁለቱም ከዷቸው። ግዊኔት በ1970 ከ75,000 ያነሰ ሰው የነበረበት የገጠር ካውንቲ ነበር፤ በ2020 ወደ 957,000 ደርሷል። ኮሪያዊው፣ ሕንዳዊው፣ ላቲኖው፣ ከአትላንታና ከሰሜን ግዛቶች የመጣው ጥቁር ቤተሰብ፣ የእኛም ሰው ሳይቀር ቤት ገዝቶ ገብቶበታል።

ሰማያዊ ሁሉ ከተማ ነው ማለትም አይደለም። በግዛቱ ወገብ ላይ ያሉት እንደ ሃንኮክ ያሉ ካውንቲዎች ገጠር ናቸው፤ የጥጥ እርሻ የባሪያ ጉልበት ያከማቸባቸው፣ ዛሬም አብዛኛው ነዋሪያቸው ጥቁር የሆነ ቦታዎች ናቸው። የመቶ ሃምሳ ዓመት ታሪክ በምርጫ ካርታ ላይ እንዲህ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ይገርመኛል።

ካውንቲ እንደዚያው እንደ ምርጫ ክልል ድምፅ የነበረው ዘመንም አለ። ጆርጂያ ከ1917 ጀምሮ በሕግ ያጸናችው የካውንቲ ነጥብ ሥርዓት ለሴናተርነትና ለአገረ ገዥነት የሚደረገውን የፓርቲ ዕጩ ምርጫ ይገዛ ነበር። ብዙ ሕዝብ ያላቸው 8 ካውንቲዎች ለእያንዳንዳቸው 6 ነጥብ፣ ቀጣዮቹ 30 ለእያንዳንዳቸው 4፣ የቀሩት 121 ደግሞ 2 ነጥብ ነበራቸው፤ በካውንቲው ያሸነፈ ዕጩ የካውንቲውን ነጥብ ሁሉ ይወስድ ነበር። በዚያን ጊዜ ግዛቱ በዴሞክራቶች እጅ ስለነበረ የፓርቲውን ዕጩነት ያገኘ ሰው ወንበሩን አገኘ ማለት ነበር። በ1960 ቆጠራ ኤኮልስ ካውንቲ 1,876 ሰው ነበረው፤ አትላንታ ያለችበት ፉልተን 556,326። ኤኮልስ 2 ነጥብ፣ ፉልተን 6 ነጥብ። ሒሳቡን ላስላው፦ በኤኮልስ አንዱ ነጥብ የ938 ሰው ሲሆን በፉልተን የ92,721 ሰው ነው። የኤኮልስ አንድ ነዋሪ የፉልተንን 99 ሰው ያህል ይመዝን ነበር።

በ1946 ጄምስ ካርማይክል ለአገረ ገዥነት በተደረገው ውድድር ከዩጂን ታልማጅ የበለጠ ድምፅ አግኝተው ተሸነፉ፤ ነጥቡ የታልማጅ ነበርና። ሥርዓቱን የጣለው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሆን ዓመቱ 1963 ነው። ጄምስ ሳንደርስ የተባሉ የፉልተን መራጭ ከስሰው፣ ከሳሹን በመደገፍ ፍርድ ቤቱ ፊት ቆመው የተከራከሩት የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሮበርት ኬኔዲ ነበሩ። «አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ» የሚለው አነጋገር በዚያ ፍርድ ውስጥ ሰፍሯል።

የገጠሩ ፖለቲከኞች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1964 ከግማሽ በላይ ድምፅ ያላገኘ ዕጩ ወደ ሁለተኛ ዙር እንዲሄድ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የሐሳቡ ዋና አራማጅ፣ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ዴንማርክ ግሩቨር፣ አንዳንዱ የፖለቲካ ሥራቸው በዘር ስሜት የተገፋ እንደነበር ኋላ ላይ አምነዋል። በኖቬምበር 2020 ዴቪድ ፐርዱ ኦሶፍን በ88,000 ያህል ድምፅ መርተዋል፤ በአብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ቢሆን ሴናተር ሆነው ይቀጥሉ ነበር። ያገኙት ግን 49.7 በመቶ ነበርና፣ በዚሁ ሕግ ምክንያት ለሁለተኛ ዙር ጃንዋሪ 5ን መጠበቅ ነበረባቸው።