ስኩዊዝ ምንድን ነው? ጭብጨባ የማይገባው ስኩዊዝም አለ

ባለፈው እሑድ ደሴ ውስጥ ብሪጅ (አራት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ፣ በየዙሩ አንድ አንድ ካርታ እየጣለ የሚጫወተው ጨዋታ) ስንጫወት ተቃራኒዬ የጦር ካርታ ጣለና አሥራ ሁለተኛው ዙር ለእኔ ሆነ። ከኋላዬ ቆሞ የሚመለከት ሰው «በስኩዊዝ ያዝኸው!» ብሎ አጨበጨበ። አልያዝሁትም፤ ተሳስቶ ነው የጣለው። ይኸው ሰው ከዚህ በፊትም «ስላም ላይ ፊኔስ የሰነፍ ዕጣ ነው፤ ጎበዝ ስኩዊዝ ይሠራል» ሲል ሰምቼዋለሁ። ፊኔስ ማለት ትልቁ ካርታ በሚመቸን ተቃራኒ እጅ ነው ብሎ ተወራርዶ፣ ከሱ ባነሰ ካርታ ዙር ለማሸነፍ መሞከር ነው። ስላም፣ ማለትም ከ13ቱ ዙር 12ቱን ወይም 13ቱን ለመውሰድ የሚገባ ውል፣ እንዲህ ባለ ፉከራ ስንቴ ሲበላሽ አይቻለሁ።

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና አስቡ። በየጠመዝማዛው አንድ ጆንያ የመጣል ግዴታ አለበት እንበል። መጀመሪያ የሚወረወረው ገለባ ነው፤ ባለመኪናው ቅር አይለውም። ገለባው ሲያልቅ አንድ ጆንያ ጤፍና አንድ ጆንያ ቡና ይቀራሉ፤ ጠመዝማዛው ግን አላለቀም። የትኛውንም ቢጥል ከኋላ የሚከተለው ያነሣዋል። ስኩዊዝ ይኸው ነው፦ አንድ ተከላካይ ሁለት ዓይነት ካርታ ብቻውን ይጠብቃል፣ ሥራ ፈት ካርታው አልቋል፣ አሁንም መጣል አለበት።

«ብቻውን» የሚለው ቃል ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ጤፉ በአንዱ መኪና፣ ቡናው በሌላው ተጭኖ ከሆነ ሁለቱም ገለባቸውን እየጣሉ በሰላም ደሴ ይገባሉ። የእሑዱ ተቃራኒዬ ዳይመንዱን ባልደረባው ይጠብቅለት ነበር። እሱ ግን ዳይመንዱን ታቅፎ ጦሩን ጣለ፤ የሌላ ሰው ጆንያ ለማዳን የራሱን ወረወረ።

ገለባው በጊዜው እንዲያልቅም ስሌት ይጠይቃል። ስድስት ኖ ትራምፕ፣ ማለትም ገዥ ዓይነት ሳይኖር 12 ዙር የመውሰድ ውል፣ ገብታችሁ አንድ ዙር መሸነፋችሁ የማይቀር ከሆነ ቀደም ብላችሁ ልትሰጡት ይገባል፤ አለዚያ ተከላካዩ ዳገቱን ሲጨርስ አንድ ጆንያ ገለባ ተርፎት ይስቅባችኋል። ደግሞም እኛም በየጠመዝማዛው እንጥላለን። ሁለቱም ማስፈራሪያ ካርታዎቻችን፣ ማለትም ተከላካዩ ጠባቂውን ቢጥል አሸናፊ የሚሆኑት፣ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋው የባልደረባችን እጅ ካሉ፣ ከዚያ እጅ በኋላ የሚጥለው ተከላካይ እኛ የጣልነውን አይቶ ስለሚጥል አይያዝም።

አሁን ወደ ፉከራው። ውሉ ስድስት ኖ ትራምፕ ነው። ተቃራኒዎቻችን ምዕራብና ምሥራቅ ይባሉ፤ ምዕራብ ከእኛ ቀጥሎ፣ ምሥራቅ ከተዘረጋው እጅ ቀጥሎ ይጥላሉ። ምዕራብ የዳይመንድ አስን መትቶ አንዱን ዙር ወስዷል፤ የቀሩትን 12ቱን ሁሉ እንፈልጋለን። እርግጠኛው 11 ነው። የተዘረጋው እጅ የጦር አስና ንግሥት ከአንድ ትንሽ ጋር አለው። እኛ እጅ ላይ ሁለት ትንንሽ ጦር እንዲሁም የልብ አስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥትና ሁለት አሉ፤ ከልቡ ፊት ለፊት ሦስት ትንንሽ ልብ ተዘርግቷል። ስድስቱ የተቃራኒ ልቦች ሦስት ለሦስት ከተከፈሉ፣ ይህም 35.5 በመቶ ነው፣ የልብ ሁለት አሥራ ሁለተኛው ዙር ይሆናል። ካልተከፈሉስ?

ፊኔሱ ወደ ንግሥቷ ትንሽ ጦር መምራት ነው፤ ንጉሡ ምዕራብ ዘንድ ከሆነ ይሠራል። ስኩዊዙ ደግሞ ፊኔሱን ትቶ አሸናፊ ካርታዎችን ሁሉ መጫወት ነው። ሦስት ካርታ ሲቀር እኛ የአበባ ጃክ፣ የልብ ሁለትና አንድ ትንሽ ጦር እንይዛለን። ልብ የሚጠብቀው ሰው የጦር ንጉሥንም ከአንድ ትንሽ ጋር ይዞ ከሆነ በአበባው ጃክ ላይ አልቆለታል፦ ልቡን ቢጥል የእኛ የልብ ሁለት ይነግሣል፣ ትንሹን ጦር ቢጥል ንጉሡ በአስ ሥር ይወድቃል።

ያማረ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ቁጠሩት። ልቡም ንጉሡም ምዕራብ ዘንድ ከሆኑ ሁለቱም መንገድ ያሸንፋሉ። ስኩዊዙ ብቻ የሚያሸንፈው ሁለቱም ምሥራቅ ዘንድ ሲሆኑ ነው፤ ይህ 14 በመቶ ገደማ ነው። ፊኔሱ ብቻ የሚያሸንፈው ንጉሡ ምዕራብ፣ ረጅሙ ልብ ምሥራቅ ሲሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ 18 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚያሸንፉባቸው፣ ልቡ ሦስት ለሦስት የሚከፈልበትም ጭምር፣ ሲደመሩ በጠቅላላው «የሰነፍ ዕጣ» የተባለው በመቶኛ 68፣ የጎበዙ መንገድ 64 ይደርሳል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አራት ልብ የያዘ ሰው ለሌላ ካርታ የቀረው ቦታ ዘጠኝ ነው፤ ሁለት ልብ የያዘው ግን 11 ቦታ አለው። ስለዚህ ንጉሡ ልብ ከበዛበት ሰው ይልቅ ወደ ባልደረባው ያደላል፤ ስኩዊዝ የሚፈልገው ደግሞ ሁለቱ አንድ ሰው ዘንድ መገናኘታቸውን ነው። የሁለት ጠባቂዎች ቦታ እርስ በርስ ይሻማል።

ምዕራብ የዳይመንድ አስን ይዞ መገኘቱ አሃዞቹን በጥቂቱ ያነቃንቃቸዋል፤ ይህን ለተማሪዎቼ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከዚያ የሚብሰው ጨረታው፣ ማለትም ከጨዋታው በፊት ውሉ የሚወሰንበት ንግግር፣ ነው። አሃዞቹ ተቃራኒዎቻችን በጨረታው ዝም ካሉ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ምሥራቅ በጨረታው «ልብ» ብሎ ገብቶ ቢሆንስ? የልቡ ራስ ከጃክ አይበልጥም፣ የዳይመንድ አስ ምዕራብ ዘንድ ነበር፤ አፉን ያስከፈተው ታዲያ የጦር ንጉሥ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? ያን ጊዜ እኔም ፊኔሱን ትቼ የአበባውን ጃክ እመራለሁ።